ከኮምፒዩተር የጠፋ ፓተርን እንዴት ይገኛል? ካልተገኘስ?

በግራፊክ ዲዛይንና በኅትመት ሥራ ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎች በተደጋጋሚ ከሚገጥሟቸው ችግሮች አንዱ፣ ከዚህ ቀደም የተጠቀሙበትን ፓተርን እንደገና ሲፈልጉት ማጣት ነው፡፡ ደንበኛው ከሦስት ዓመት በፊት ያሳተመውን የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የሆቴል ሜኑ ወይም ዓመታዊ ሪፖርት ይዞ ይመጣና ‹‹ልክ እንደዚህ አድርጋችሁ ሥሩልኝ›› ይላል፡፡ ጽሑፉ አለ፣ ፎንቱ አለ፣ አርማውም አለ፡፡ የካርዱን ዳርና ዳር ያስጌጠው ጥለት ግን ከፎቶሾፕ የፓተርን ዝርዝር ውስጥ የለም፡፡

በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፡፡ ወይ የሚቀራረብ ነገር ከኢንተርኔት አውርዶ ይተካል፤ ወይ ከታተመው ካርድ ላይ ቆርጦ እየለጠፈ ያድበሰብሳል፡፡ በሁለቱም መንገድ ደንበኛው ልዩነቱን ማየቱ አይቀርም፡፡ ጉዳዩ የአንድ ካርድ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር፡፡ ጥለቱ የአንድ ባንክ፣ የአንድ ሆቴል ወይም የአንድ ምርት መለያ ሆኖ በካርቶን፣ በባነርና በማስታወቂያ ላይ ሲያገለግል የቆየ ከሆነ ግን፣ አዲሱ ከአሮጌው ጋር አለመመሳሰሉ የሥራውን ክፍያም የደንበኛውን አመኔታም ሊያሳጣ ይችላል፡፡

ደግነቱ ‹‹ጠፋ›› የሚባለው ፓተርን ብዙውን ጊዜ አልጠፋም፡፡ ከዝርዝሩ ላይ ተሰወረ እንጂ ቅጂው በሌላ ቦታ ተቀምጧል፡፡ በየትም ባይገኝ እንኳ፣ ፓተርኑ የተሞላበት አንድ ገጽ እስካለ ድረስ ከዚያው ገጽ ላይ ነቅሶ ማውጣት ይቻላል፡፡ ዋናው ነገር የፎቶሾፕ የፓተርን ዝርዝር የዕቃ ማሳያ መደርደሪያ እንጂ መዝገብ ቤት አለመሆኑን መገንዘብ ነው፡፡ ከመደርደሪያው ላይ የተነሳ ዕቃ ሁሉ ከመጋዘን ወጥቷል ማለት አይደለም፡፡ በሌላ በኩል ደግሞ መደርደሪያው ላይ መታየቱ በመጋዘን አለ ማለት አይደለም፡፡

ፓተርን ሲባል ምን ማለት ነው?

ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፡፡ የሐበሻ ቀሚስ ጥለትን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ከወገብ እስከ እግር የወረደው ረጅም ጌጥ በሙሉ ከአንድ አነስተኛ ቅርጽ ድግግሞሽ የተገኘ መሆኑን ይረዳል፡፡ ሸማኔው የድሩን ክር ቆጥሮ አንዱን ቅርጽ ይሠራል፤ ከዚያ ያንኑ ቁጥር ይደግማል፡፡ በኮምፒዩተርም ቢሆን ፓተርን ማለት አንድ ትንሽ አራት ማዕዘን ምስልና ‹‹ይህን ምስል ጎን ለጎንና ከላይ ወደ ታች እየደጋገምክ ቦታውን ሙላ›› የሚል ትዕዛዝ ነው፡፡

የቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች ይህን በግልጽ ያሳያሉ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1984 ከመጀመሪያው የማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ጋር የቀረበው፣ በቢል አትኪንሰን የተጻፈው ማክፔይንት የተባለው የሥዕል ፕሮግራም ለመሙያ የሚጠቀምባቸው ፓተርኖች እያንዳንዳቸው 8 በ8 ፒክስል ነበሩ፡፡ የኮምፒዩተሩ ስክሪን ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለነበረ 64ቱን ነጥቦች ለመመዝገብ 8 ባይት ይበቃ ነበር፡፡ በሌላ አነጋገር፣ ስምንት ቁጥሮችን በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ የያዘ ሰው ፓተርኑ ቢጠፋበት መልሶ ሊሠራው ይችል ነበር ማለት ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረበው የወንድማማቾቹ የቶማስና የጆን ኖል ሥራ የሆነው ፎቶሾፕ ከዚያ ወዲህ እጅግ ተራቅቋል፡፡ ዛሬ አንድ ፓተርን ባለ ብዙ ቀለም፣ በከፊል ብርሃን አሳላፊና በብዙ መቶ ፒክስል የሚለካ ሊሆን ይችላል፡፡ መሠረቱ ግን አልተለወጠም፡፡ ከዚህም ለጉዳያችን የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮችን እናገኛለን፡፡ አንደኛ፣ ፓተርን ትንሽ ፋይል በመሆኑ ቅጂው ሳይታወቅ በሌሎች ፋይሎች ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል፡፡ ሁለተኛ፣ በፓተርን የተሞላ አንድ ገጽ የዚያኑ ትንሽ ምስል በርካታ ቅጂዎች ይዟል፡፡ አንዱ ቢቆሽሽ ሌላው ንጹሕ ነው፡፡

ፓተርኖች ለምን ይጠፋሉ?

የመጀመሪያው ምክንያት የፕሮግራሙ መለወጥ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 የወጣው ፎቶሾፕ 2020 ፓተርኖችን ራሱን በቻለ ፓነል በቡድን በቡድን አድርጎ አደራጀ፡፡ አዲሱ ስሪት ሲከፈት በቅድሚያ የሚታዩት የዛፍ፣ የሣርና የውኃ ቡድኖች ሲሆኑ፣ ለዓመታት የተለመዱት የወረቀት፣ የድንጋይና የሸራ ፓተርኖች ከዓይን ተሰወሩ፡፡ ብዙዎች አዶቤ ኩባንያ የሰረዛቸው መስሏቸው ነበር፡፡ ነገር ግን ከፕሮግራሙ ጋር አሁንም አብረው ይመጣሉ፤ አጠራራቸው ብቻ ነው የተለወጠው፡፡

እንዲህ ያለው ነገር በፎቶሾፕ ብቻ የደረሰ አይደለም፡፡ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. የ2007 ኤክሴልን ሲያወጣ፣ የግራፍ አሞሌዎችን በሰረዝና በነጠብጣብ ለመሙላት የሚያገለግለውን ምርጫ ከገጹ ላይ አንስቶት ነበር፡፡ ሪፖርታቸውን በጥቁርና ነጭ ፕሪንተር ለሚያትሙ መሥሪያ ቤቶች ይህ ቀላል ጉዳይ አልነበረም፤ በቀለም የተለያዩ አሞሌዎች ሲታተሙ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉና፡፡ በ2010 ስሪት ምርጫው ተመልሷል፡፡ ከዚህ የምንረዳው፣ ፕሮግራሙ ይዞት የመጣ ነገር በፕሮግራሙ ባለቤት ውሳኔ ሊነሳ እንደሚችል ነው፡፡

ሁለተኛው ምክንያት ለእኛ አገር ተጠቃሚ በይበልጥ የሚቀርብ ነው፤ የመብራት መቋረጥ፡፡ አንድ ሰው የራሱን ፓተርን ሠርቶ ‹‹ዲፋይን ፓተርን›› የሚለውን ትዕዛዝ ሲሰጥ ፓተርኑ ወዲያውኑ በዝርዝሩ ላይ ይታያል፡፡ ይሁን እንጂ ፎቶሾፕ ዝርዝሩን ወደ ዲስክ የሚጽፈው በመደበኛ ሁኔታ ፕሮግራሙ በአግባቡ ሲዘጋ ነው፡፡ ጠዋት የተሠራ ፓተርን ከሰዓት በኋላ መብራት ቢጠፋና ኮምፒዩተሩ ዩፒኤስ ከሌለው፣ ወይም ፕሮግራሙ በራሱ ችግር ቢቋረጥ፣ በማግሥቱ ከዝርዝሩ ላይ ላይገኝ ይችላል፡፡ ዲዛይነሩ ግን የሠራውን ሥራ ሴቭ አድርጎ ስለነበር ፓተርኑም አብሮ እንደተቀመጠ ያስባል፡፡

ሦስተኛው የተጠቃሚው የራሱ ትዕዛዝ ነው፡፡ በቀድሞዎቹ ስሪቶች አዲስ የፓተርን ስብስብ ሲጫን ፕሮግራሙ ከነባሩ ላይ ይጨምር ወይስ ነባሩን ይተካ ብሎ ይጠይቃል፡፡ ‹‹ይተካ›› የሚለውን የመረጠ ሰው በዝርዝሩ ላይ የነበረውን ሁሉ ያጣል፡፡ በተመሳሳይ ሁኔታ፣ ፎቶሾፕ ሲያስቸግር ኮንትሮል፣ አልትና ሺፍት ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭኖ በመክፈት ፕሮግራሙን ወደ መነሻው መመለስ የተለመደ መፍትሔ ነው፡፡ ተጠቃሚው የሠራቸውና በተለየ ፋይል ያላስቀመጣቸው ነገሮች በዚህ ጊዜ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፡፡

አራተኛው ኮምፒዩተሩ ፎርማት ሲደረግ፣ ሲለወጥ ወይም ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ነው፡፡ ድርጅቱ ‹‹ፋይሎቹን በሙሉ ገልብጠናል›› ሲል አብዛኛውን ጊዜ ‹‹ማይ ዶክዩመንትስ››ንና ዴስክቶፑን ማለቱ ነው፡፡ ፓተርኖቹ ግን የሚቀመጡት እዚያ አይደለም፡፡

ከመሥራት በፊት መፈለግ

ፍለጋውን ከቀላሉ መጀመር ተገቢ ነው፡፡ የጠፋው ፓተርን ከፎቶሾፕ ጋር አብሮ የመጣ ከሆነና የሚጠቀሙበት ስሪት 2020 ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ ከሆነ፣ ‹‹ዊንዶው›› ከሚለው ሜኑ ‹‹ፓተርንስ›› የሚለውን ይክፈቱ፡፡ በፓነሉ ቀኝ ጥግ ላይ ያለውን ትንሽ የሜኑ ምልክት ሲጫኑ ‹‹ሌጋሲ ፓተርንስ ኤንድ ሞር›› የሚል ምርጫ ያገኛሉ፡፡ ይህን ሲመርጡ የቀድሞዎቹ ስብስቦች በአንድ ፎልደር ተጠቃለው ወደ ዝርዝሩ ይመለሳሉ፡፡ የዚህ ዓይነቱ ችግር መፍትሔ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም፡፡

ፓተርኑ ከሌላ ቦታ የመጣ ወይም በራስዎ የተሠራ ከሆነ ቀጣዩ እርምጃ ፋይሉን መፈለግ ነው፡፡ የፎቶሾፕ የፓተርን ስብስቦች የፋይል ስማቸው ከነጥብ በኋላ ፒ፣ ኤ እና ቲ በሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ያልቃል፡፡ በኮምፒዩተሩ፣ በአሮጌው ሃርድ ዲስክና በፍላሽ ዲስኮች ላይ በዚህ ቅጥያ መፈለግ ብዙ ጊዜ የተረሱ ስብስቦችን ያወጣል፡፡ እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፡፡ ጊምፕ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የራሱን ፓተርኖች የሚያስቀምጠው በዚሁ ቅጥያ ቢሆንም ውስጣዊ አደረጃጀታቸው የተለያየ ነው፡፡ ስለዚህ ፎቶሾፕ አልከፍትም ቢል ፋይሉ ተበላሽቷል ብለው ከመጣልዎ በፊት በጊምፕ እንደ ተራ ምስል ከፍተው ይሞክሩት፡፡ ከተከፈተ በፒኤንጂ መልክ አስቀምጦ ወደ ፎቶሾፕ መውሰድ ይቻላል፡፡

የቀድሞው ሃርድ ዲስክ ገና ካለ ደግሞ፣ በዊንዶውስ ላይ በተጠቃሚው ስም ሥር ባለው ‹‹አፕዳታ›› በተሰኘው የተደበቀ ፎልደር፣ ቀጥሎ ‹‹ሮሚንግ›› ውስጥ፣ ‹‹አዶቤ›› የሚለውን ይክፈቱ፡፡ እዚያ ከሚገኘው የፎቶሾፕ የ‹‹ሴቲንግስ›› ፎልደር ውስጥ ‹‹ፓተርንስ›› የሚል ስም ያለው ፋይል ይኖራል፡፡ በዝርዝሩ ላይ የነበሩት ፓተርኖች የተጻፉት በዚህ ላይ ነው፡፡ ፎቶሾፕን ዘግተው፣ አሁን በሥራ ላይ ያለውን ፋይል በሌላ ቦታ ካስቀመጡ በኋላ፣ የቀድሞውን ፋይል በተመሳሳይ ስሪት ላይ በቦታው መተካት ዝርዝሩን ሊመልስ ይችላል፡፡

ከሁሉም የበለጠ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው የማይሞክረው መንገድ ግን ቀደም ሲል የተሠራውን የፎቶሾፕ ፋይል መክፈት ነው፡፡ ፓተርኑ በ‹‹ፊል ሌየር›› ወይም በ‹‹ፓተርን ኦቨርሌይ›› አማካይነት የተሞላ ከሆነ፣ ፎቶሾፕ የፓተርኑን ሙሉ ቅጂ በፋይሉ ውስጥ አብሮ ያስቀምጣል፡፡ ይህን የሚያደርገው ፋይሉ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት መልኩ እንዳይለወጥ ነው፡፡ ስለዚህ ከዝርዝሩ ላይ ቢጠፋም ከፋይሉ አልጠፋም፡፡ ሌየሩን ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርገው የፓተርኑን መስኮት ሲከፍቱ ከፓተርኑ ምስል አጠገብ ትንሽ ምልክት ይታያል፡፡ እሱን ሲጫኑ ፓተርኑ እንደ አዲስ ወደ ዝርዝሩ ይገባል፡፡ ጥራቱም ከመጀመሪያው አንድ ነጥብ አይቀንስም፡፡

የ‹‹ስታይል›› ስብስብ ፋይሎችም እንዲሁ በውስጣቸው የሚጠቀሙበትን ፓተርን ይይዛሉ፡፡ ስታይሉን አንድ ሌየር ላይ አሳርፎ ከዚያው መስኮት ፓተርኑን ማውጣት ይቻላል፡፡ ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሌየሩ ወደ ተራ ምስል ካልተለወጠ ወይም ፋይሉ ‹‹ፍላተን›› ካልተደረገ ብቻ ነው፡፡

ካልተገኘ ከምስሉ ላይ መልሶ ማውጣት

የፎቶሾፕ ፋይሉም ሳይገኝ ቀርቶ በእጅ ያለው ጄፔግ፣ ለማተሚያ ቤት የተላከ ፒዲኤፍ ወይም የታተመው ካርድ ብቻ ሊሆን ይችላል፡፡ በዚህ ጊዜ መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ቅርጹ በስንት ፒክስል ይደገማል? ይህን በዓይን መገመት አያዋጣም፡፡ የአንድ ፒክስል ስሕተት አሥር ጊዜ ሲደገም አሥር ፒክስል ይሆናልና፡፡

ርቀቱን በትክክል የሚያሳውቅ ቀላል ዘዴ አለ፡፡ ምስሉን ከፍተው ሌየሩን ያባዙ፡፡ የላይኛውን ሌየር ‹‹ብሌንዲንግ ሞድ›› ከ‹‹ኖርማል›› ወደ ‹‹ዲፈረንስ›› ይለውጡ፡፡ ዲፈረንስ የሁለቱን ሌየሮች ልዩነት የሚያሳይ በመሆኑ ሁለቱ በተመሳሰሉበት ቦታ ሁሉ ውጤቱ ጥቁር ይሆናል፡፡ ሌየሮቹ ገና ስላልተንቀሳቀሱ መጀመሪያ ላይ ገጹ በሙሉ ይጠቁራል፡፡ አሁን የላይኛውን ሌየር በቀስት ቁልፍ ወደ ቀኝ መግፋት ይጀምሩ፡፡ አንድ ጊዜ መጫን አንድ ፒክስል፣ ሺፍትን ይዞ መጫን ደግሞ አሥር ፒክስል ይገፋል፡፡ ገጹ በቀለማት ይሞላና ከተወሰነ ርቀት በኋላ እንደገና ይጠቁራል፡፡ ይህ ለምሳሌ በ240 ፒክስል ላይ ቢሆን የፓተርኑ ወርድ 240 ነው፡፡ ሌየሩን ወደ ቦታው መልሰው ወደ ታች ሲገፉትም በ180 ላይ ቢጠቁር ቁመቱ 180 ነው ማለት ነው፡፡ ምስሉ ጄፔግ ከሆነ ድፍን ጥቁር ሳይሆን ጠቆር ያለ ግራጫ ሊሆን ይችላል፤ በጣም የጠቆረበትን መውሰድ ነው፡፡

በዚህ ምሳሌ ሌየሩ 120 ወደ ቀኝና 90 ወደ ታች በአንድ ላይ ሲገፋም የሚጠቁር ከሆነ፣ ፓተርኑ እንደ ጡብ አደራደር አንዱ ረድፍ ከሌላው በግማሽ የተዛነፈ ነው፡፡ ፎቶሾፕ የሚቀበለው ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ብቻ ስለሆነ በዚህ ጊዜ አንዱን አበባ ብቻ ቆርጦ መውሰድ አይሠራም፡፡ ሁለት አበባ የያዘው የ240 በ180 አራት ማዕዘን ነው መወሰድ ያለበት፡፡ ብዙ ሰው ተቸግሮ የሚተወው እዚህ ላይ ነው፡፡

ልኩ ከታወቀ በኋላ የመምረጫ መሣሪያውን በ‹‹ፊክስድ ሳይዝ›› 240 በ180 አድርገው፣ ‹‹ፌዘር›› የሚለው ዜሮ መሆኑን አረጋግጠው፣ ጽሑፍ ያላረፈበትና ንጹሕ የሆነ ቦታ ላይ ያሳርፉ፡፡ ከየት መጀመሩ ለውጥ የለውም፤ የሚደጋገም ነገር ከየትም ቢቆረጥ ሲገጣጠም ያው ነው፡፡ ከዚያ ‹‹ኤዲት›› ከሚለው ሜኑ ‹‹ዲፋይን ፓተርን›› ይበሉ፡፡ ምርጫው ደብዝዞ እምቢ ካለዎት ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የተመረጠው ቦታ አራት ማዕዘን አለመሆኑ ወይም ፌዘር መኖሩ ነው፡፡

ከወረቀት ላይ ሲነሳ

ያለው የታተመ ወረቀት ብቻ ከሆነ ሥራው ትንሽ ይረዝማል፡፡ በስልክ ከማንሳት ይልቅ ስካነር መጠቀም ይመረጣል፤ ካሜራ ማዕዘኑን ስለሚያጣምና ብርሃኑም አንዱ ጎን ላይ ስለሚበረታ ነው፡፡ የታተመ ነገር በማጉያ መነጽር ሲታይ የጥቃቅን ነጠብጣቦች ስብስብ በመሆኑ ስካን ሲደረግ ሞገድ መሰል መስመሮች ይፈጠሩበታል፡፡ በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጎ፣ ጥቂት አደብዝዞ፣ ከዚያ ወደ 300 ማውረድ ይህን በእጅጉ ይቀንሰዋል፡፡ ቀጥሎ ምስሉ በትክክል መቃናት አለበት፡፡

ከወረቀት ሲነሳ ሌላም ችግር አለ፡፡ አንዱ ቅርጽ በወረቀቱ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በ300 ዲፒአይ 236.2 ፒክስል ይሆናል፡፡ ፓተርን ደግሞ የፒክስል ሽራፊ ሊኖረው አይችልም፡፡ 236 ብለው ቢቆርጡት በየድግግሞሹ ጥቂት ይዛነፋል፡፡ መፍትሔው አሥር ድግግሞሾችን በአንድ ላይ መለካት ነው፡፡ አሥሩ 2362 ፒክስል ከሆኑ ምስሉን በሙሉ ወደ 101.6 በመቶ በማሳደግ አንዱን ድግግሞሽ ልክ 240 ፒክስል ማድረግ ይቻላል፡፡ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከላይ እንደተገለጸው ነው፡፡

ካርዱ የተቧጨረ ወይም ጽሑፍ የተጻፈበት ከሆነም ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም፡፡ ገጹ የአንዱን ቅርጽ ብዙ ቅጂ እንደያዘ ተመልክተናል፡፡ አምስት ወይም ሰባት ቅጂዎችን ከተለያየ ቦታ ቆርጦ አንዱን በሌላው ላይ በትክክል መደርደር፣ ሁሉንም ወደ አንድ ‹‹ስማርት ኦብጀክት›› መለወጥ፣ ከዚያ ‹‹ስታክ ሞድ›› ከሚለው ‹‹ሚዲያን››ን መምረጥ ነው፡፡ ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ መካከለኛውን ዋጋ ይወስዳል፡፡ ጭረቱ በአንዱ ወይም በሁለቱ ቅጂ ላይ ብቻ ስለሚገኝ በብዙኃኑ ተሸንፎ ይጠፋል፡፡

ስፌቱ እንዳይታይ

ከምስል የወጣ ፓተርን ሲሞላ አንዳንዴ ድንበሩ ላይ መስመር ይታያል፡፡ ይህን ለማስተካከል ‹‹ፊልተር›› ከሚለው ሜኑ ‹‹አዘር›› ሥር ‹‹ኦፍሴት›› የሚል መሣሪያ አለ፡፡ ለ240 በ180 ምስል 120 እና 90 ብለው ‹‹ራፕ አራውንድ››ን ከመረጡ፣ ዳር ላይ የነበረው ስፌት ወደ መሐል መጥቶ የመስቀል ቅርጽ ይዞ ይታያል፡፡ እዚያ ላይ በ‹‹ክሎን ስታምፕ›› አስተካክለው ኦፍሴቱን ይድገሙት፡፡ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 ከወጣው ስሪት ጀምሮ ደግሞ ‹‹ቪው›› በሚለው ሜኑ ውስጥ ‹‹ፓተርን ፕሪቪው›› የተባለ ምርጫ ስላለ፣ ድግግሞሹን እያዩ መሥራት ይቻላል፡፡

ጥለቱ ለትልቅ ባነር የሚፈለግ ከሆነ ግን ከፒክስል ይልቅ በኢሉስትሬተር በመስመር እንደገና መሣል የተሻለ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ከሲኤስ 6 ጀምሮ ኢሉስትሬተር ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ የፓተርን መሥሪያ አለው፡፡ በዚህ መንገድ የተሠራ ጥለት የፈለገውን ያህል ቢያድግ አይደበዝዝም፡፡ ቀለሙን በተመለከተ፣ ከስካን ላይ የሚወሰድ ቀለም ከወረቀቱና ከስካነሩ ጋር የተቀላቀለ በመሆኑ አይታመንም፡፡ የደንበኛው የቀለም ቁጥሮች በሌላ ፋይል ላይ ካሉ እነሱን መጠቀም ይገባል፡፡

የማን ነው?

መልሶ መሥራት መቻል ሁልጊዜ መብት አለ ማለት አይደለም፡፡ ከላይ የተገለጸው ዘዴ የራስን የጠፋ ሥራ ለመመለስ እንደሚያገለግል ሁሉ የሌላውን ሥራ ለመቅዳትም ያገለግላል፡፡ በግዥ የተገኘ የፓተርን ስብስብ ፈቃዱ ለማን እንደተሰጠ ማየት ያሻል፤ ለዲዛይነሩ ይሁን ለደንበኛው ማለት ነው፡፡ በአገራችንም በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123 የመስመርና የቀለም ቅንብሮችን በንድፍነት የሚያስጠብቅ ሲሆን፣ የኢንዱስትሪ ብቻ ሳይሆን የዕደ ጥበብ ውጤቶችንም ይጨምራል፡፡ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410ም የሥነ ጥበብ ሥራዎችን ይመለከታል፡፡ ስለዚህ አንድ ሸማኔ ራሱ የፈጠረውን ጥለት ፎቶ አንስቶ ከመጠቀም በፊት ሠሪውን መጠየቅና ማስፈቀድ የሕግም የጨዋነትም ጉዳይ ነው፡፡

ዳግመኛ እንዳይጠፋ

ይህን ሁሉ ድካም ማስቀረት የሚቻለው ፓተርኑ በተሠራበት ዕለት ነው፡፡ አንደኛ፣ ፓተርኑ የተገኘበትን ትንሽ ምስል ራሱን የቻለ ፒኤንጂ ወይም ቲፍ ፋይል አድርጎ ማስቀመጥ ይገባል፡፡ እንዲህ ያለው ተራ ምስል የየትኛውም ፕሮግራም ስሪት ጥገኛ አይደለም፤ ፎቶሾፕ ቢለወጥም ሌላ ፕሮግራም ይከፍተዋል፡፡ ሁለተኛ፣ በፓተርን ፓነሉ ላይ ያሉትን መርጦ ‹‹ኤክስፖርት ሴሌክትድ ፓተርንስ›› በሚለው ትዕዛዝ ወደ ፋይል ማውጣት ነው፡፡ ሦስተኛ፣ አዲስ ፓተርን ከተሠራ በኋላ ፎቶሾፕን አንድ ጊዜ በአግባቡ ዘግቶ መክፈት፣ መብራት ቢጠፋ ከሚመጣው ጉዳት ያድናል፡፡ አራተኛ፣ ፓተርን የያዙ ሌየሮችን ሳይጨፈልቁ የያዘ አንድ የሥራ ፋይል ከሚታተመው ፋይል ለይቶ ማኖር ያስፈልጋል፡፡

አምስተኛውና ብዙ የሚዘነጋው በጽሑፍ መመዝገብ ነው፡፡ የፓተርኑ ወርድና ቁመት፣ ሲሞላ የተሰጠው ‹‹ስኬል›› በመቶኛ፣ የቀለሞቹ ቁጥርና ከየት እንደተገኘ በአንድ አጭር ጽሑፍ ከሥራው ፎልደር ጋር ሊቀመጥ ይገባል፡፡ ስኬሉ ካልታወቀ ትክክለኛው ፓተርን ተገኝቶም ከአሮጌው ካርድ ጋር አይገጥምም፡፡

ወጪውን በተመለከተ፣ በምሳሌነት ያነሳነው የ240 በ180 ፒክስል ባለ ሦስት ቀለም ምስል ምንም ሳይጨመቅ 129,600 ባይት ነው፡፡ በአንድ ጊጋ ባይት ፍላሽ ዲስክ ላይ ከ7 ሺሕ በላይ የዚህ ዓይነት ምስሎች ይቀመጣሉ፡፡ አንድ አነስተኛ የኅትመት ድርጅት በሕይወት ዘመኑ የሚሠራቸውን ጥለቶች በሙሉ በኪስ በሚያዝ ዕቃ ላይ ማኖር ይችላል ማለት ነው፡፡ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ፤ አንዱም ከቢሮው ውጪ ይሁን፡፡ ዲዛይነሩ ሥራ ሲለቅም ከቁልፍና ከመታወቂያ ጋር ይህ ስብስብ ተቆጥሮ ሊረከብ የሚገባው የድርጅቱ ንብረት ነው፡፡